ካምቢዮና የሰው እንጀራ

ሰው ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ነገር ገንዘብ ከፍሎ በሌላ ሰው ቢያሠራ ምን እንበለው? ሰነፍ? ጌታ? ወይስ ለሰው እንጀራ የሚያስብ ደግ? ጥያቄውን ገልብጠንም ማየት ይቻላል። በዚያው ሥራ የሚተዳደር ሰው ደጃችን ላይ ተቀምጦ ሳለ «እኔው እችለዋለሁ» ብሎ ሥራውን እቤት ውስጥ መጨረስስ ራስን መቻል ነው ወይስ የሰው ጉሮሮ መዝጋት? በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ ሥነ ምግባር ያነበብኩት ጥቂት አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ግን እንዲህ ፊት ለፊት መጥቶ አፍጥጦብኝ አያውቅም። ያመጣብኝ የብስክሌት ካምቢዮ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምኖረው ገንዳ ውሃ ነው። ለማያውቃት፣ ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወርደው አስፋልት ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ። አገሩ የሰሊጥና የጥጥ፣ የማሽላና የዕጣን አገር ነው። ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ክረምት ላይ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ አፈር የያዘውን አይለቅም፤ ጫማም ይሁን ጎማ። ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር የከተማዋ መታወቂያ አይደለም። ባሕር ዳር ዘንባባ በተሰለፈባቸው ሜዳማ ጎዳናዎቿ፣ ባጃጅ ሳይወርሳት በፊት፣ ተማሪውንም መምህሩንም ሠራተኛውንም በብስክሌት የምታመላልስ ከተማ ነበረች። እኔም እዚያ ሳስተምር የለመድኩትን አልተውኩም፤ ወደ ቆላ ስወርድ ብስክሌቴን ከቤት ዕቃዬ ጋር አይሱዙ ላይ አስጭኜ መጣሁ። የኋላ ጎማዋ ላይ ሰባት ማርሽ ያላት ናት። ሰባት ማርሽ ያለው ነገር አቧራና ዋልካ ባለበት አገር ምን እንደሚሆን መገመት ለማንም አይከብድም።

ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። የደጋ ልጅ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ሰሊጥ ሊያርም ወርዶ እዚሁ የቀረ። የሞተር ጎማ ይለጥፋል፣ የባጃጅ ፍሬን ያስተካክላል፣ የጋሪ እግር ያቃናል፤ ብስክሌት ከመጣለትም አይመልስም። የሥራ ዕቃው ሁሉ አንድ የተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ይጠቃለላል። ማርሿ በተዛባ ቁጥር እሱ ዘንድ እወስዳታለሁ፤ ሲያስተካክል ቆሜ አያለሁ፤ የጠየቀኝን ከፍዬ እመለሳለሁ። በወር ሁለት ጊዜ፣ አቧራ በበዛበት ወር ሦስት ጊዜ። እንዲህ ስንመላለስ ነው «ለምን ራሴ አልማረውም?» የሚል ሐሳብ የመጣብኝ። ሐሳቡ ከቁጠባ የመጣ አልነበረም። ሁለት ጣትና አንድ ካቻቢቴ የሚሠሩትን ነገር አጠገቡ ቆሜ እያየሁ አለመረዳቴ ነው ያንገበገበኝ።

ካምቢዮ ስል የትኛውን እንደሆነ ላስረዳ። ከኋላ ጎማው እምብርት በስተቀኝ ወደ ታች የተንጠለጠለች፣ ሁለት ትንንሽ ጥርሳም መዘውሮች ያሏት የብረት ክንድ ናት። ጠጋኞቻችን በጣሊያንኛው ካምቢዮ ይሏታል፤ መቀየሪያ ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ያወጡላት ስም ግን ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ዴራየር ይሏታል፣ ከሐዲድ አስወጪ እንደማለት። ባቡር ከሐዲዱ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይነግራችኋል። ይህቺ ግን ሥራዋ በሙሉ ካቴናውን ከተቀመጠበት ጥርስ አስወጥታ ጎረቤቱ ላይ መጣል ነው። አደጋውን በልክ ታደርሰዋለች።

ልኩ የሚመጣው ደግሞ ከትግል ነው። ውስጧ ያለው ሞላ ክንዷን ወደ ውጭ፣ ወደ ትንሹ ማርሽ ይገፋል። ከመሪው የሚመጣው ኬብል ወደ ውስጥ፣ ወደ ትልቁ ማርሽ ይስባል። ኬብሉ ሲላላ ሞላው ያሸንፋል፤ ኬብሉ ሲጠብቅ ሞላው ይሸነፋል። ሁለቱም ግን ያለገደብ ቢተዉ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ካምቢዮዋ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች አሉ፤ ኤችና ኤል የሚሉ የላቲን ፊደሎች ተጽፎባቸዋል። እነዚህ ብሎኖች ምንም አይስቡም፣ ምንም አይገፉም። ሥራቸው «ከዚህ ወዲያ የለም» ማለት ብቻ ነው። የኤች ብሎን ከላላች ካቴናው ከትንሹ ማርሽ አልፎ ብረቱና ማርሹ መካከል ይወድቅና ይቀረቀራል። የኤል ብሎን ከላላች የባሰ ነው፤ ካቴናው ከትልቁ ማርሽ አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ይገባል። ያን ጊዜ ጎማው እየተሽከረከረ ካምቢዮዋን ጎትቶ ወደ ውስጥ ያስገባታል፤ ሽቦ ይበጠሳል፤ ጎማው ባለበት ይነክሳል። በዚህ ዓይነት ሁኔታ ከብስክሌት የሚወርድ ሰው አወራረዱን አይመርጥም።

ከገደቡ በኋላ ያለው ጥቃቅን ሥራ ነው። ኬብሉ ወደ ካምቢዮዋ በሚገባበት ቦታ በጣት የምትዞር፣ በርሜል የምትመስል ትንሽ ነገር አለች። ካቴናው ወደ ትልቁ ማርሽ ለመውጣት ካመነታ፣ በርሜሏን ወደ ግራ ታዞሯታላችሁ፤ ኬብሉ ይጠብቃል። ለመውረድ ካመነታ ወደ ቀኝ፤ ኬብሉ ይላላል። ሩብ ዙር፤ ቢበዛ ግማሽ። ከዚያ ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ማዳመጥ ነው። ልክ ሲሆን ድምፅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው የካቴናው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ልክ ካልሆነ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ልመጣ ነው፣ ልቀር ነው እንደሚል እንግዳ። ጆሮ እዚህ ከዐይን ይበልጣል። ስለ ግጥም ምጣኔ ሳስተምር ተማሪዎቼን «በዐይናችሁ አትቁጠሩ፣ በጆሯችሁ ስሙት» እል ነበርና ከዚህ ሥራ ጋር ለመላመድ ጊዜ አልፈጀብኝም።

እዚህ ላይ አንድ ፈረንሳዊ ላንሳ። ኦንሪ ደግራንዥ ይባላል፤ ዝነኛውን የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1903 የጀመረው ጋዜጠኛ ነው። ይህ ሰው ማርሽ መቀያየር የሚሉት ነገር አይጥመውም ነበር። ውድድሩን ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማርሽ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ካልሆነ አያስፈልግም፣ ወንድ ልጅ በጡንቻው ያሸንፍ የሚል ሐሳብ ጽፏል። በሱ ዘመን ተወዳዳሪዎቹ ዳገትና ቁልቁለት ሲመጣ ወርደው የኋላ ጎማቸውን ገልብጠው ይገጥሙ ነበር፤ በአንዱ ጎን አንድ ማርሽ፣ በሌላው ጎን ሌላ። ካምቢዮ በውድድሩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ደግራንዥ የውድድሩን አመራር በለቀቀ ማግስት። እኔ እንኳ በዕድሜዬ ስለተፈቀደልኝ አይከሰኝም። ሰውየው ጡንቻን ከመሣሪያ በላይ ያከብር ነበር። እኛ ደግሞ ከጡንቻም ከመሣሪያም በላይ ወሬን የምናከብር ሕዝብ ነንና የምንፈርድበት አይደለም።

ወደ ቤት ልመለስ። ማምሻውን ሙቀቱ በረድ ሲል ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ ኮርቻዋን አንጠለጥልና የኋላ ጎማዋ በአየር ላይ ይሆናል። («ምነው ሰውዬ፣ ቤቱ ጋራዥ ሆነ እኮ!» ትላለች ባለቤቴ።) ከጎኔ አንድ ወዳጄ የላከልኝ የእንግሊዝኛ መመሪያ አለ። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ከታየ የሚያስቀና ጽሑፍ ነው። ቅጽል የለበትም። «ላላ አድርግ»፣ «ሩብ ዙር አዙር»፣ «ተመልከት»፣ «ካልሆነ ድገም»። አንዲት ቃል ብታወጡለት ካቴናው ይወድቃል። የእኛ የቢሮ ደብዳቤ ግማሹ ቢወጣለት ምንም የሚወድቅ ነገር የለም።

መጀመሪያ ኬብሉን ማላላት፤ ከዚያ የላይኛዋ መዘውር ከትንሹ ማርሽ ጋር ቀጥ ብላ እስክትሰለፍ የኤች ብሎንን ማዞር፤ ከዚያ ክንዷን በእጅ ወደ ውስጥ ገፍቶ በትልቁ ማርሽ በኩል የኤልን ገደብ መስጠት፤ በመጨረሻ ኬብሉን አጥብቆ በበርሜሏ እያስተካከሉ ሰባቱንም ማርሽ አንድ በአንድ ወጥቶ መውረድ። ቅደም ተከተሉ ሕግ ነው። ገደቡ ሳይበጅ ኬብሉን የሚያጠብቅ ሰው፣ አጥር ሳያጥር ከብት የሚያስገባ ሰው ነው። በአራት ምሽት ለመድኩት፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የሩብ ሰዓት ሆነ።

የመመሪያውን ቃላት ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ወረቀት ሳወጣ ደግሞ አንድ ነገር ታዘብኩ። ቃላቱ ለካ አሉ! በኒሙ ዛፍ ሥር አሉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኪያቤ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካቴና። አንዱም ከጣሊያንኛ ያልመጣ የለም። ካቴና እኮ ፖሊስ ጣቢያ እጅ ያስራል፣ ብስክሌት ላይ እግር ያስኬዳል፤ ቃሉ ያው አንድ ሰንሰለት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲወጣ ለተማረው ክፍል ማኪያቶ ትቶለት ሄደ፤ ለጠጋኙ ክፍል ደግሞ አንድ ሙሉ የቃላት መዝገብ። ያ መዝገብ በየትኛውም ትምህርት ቤት ሳይሰጥ፣ ከጠጋኝ ወደ ረዳት፣ «ያችን ኪያቤ ወዲህ በላት» እየተባለ ሦስት አራት ትውልድ ተሻግሮ እዚህ ደርሷል። ስለ ቃል ጥበቃ በየስብሰባው ስንት ወረቀት ሲቀርብ ሰምቻለሁ፤ በዘይት የተጨማለቁ እጆች የጠበቁትን ግን የቆጠረው የለም።

ታዲያ ሁለት ወር ያህል ወደ ዛፉ ሳልሄድ ቆየሁ። አንድ ቀን በዚያ በኩል በእግሬ ሳልፍ ልጁ ከተቀመጠበት ብድግ አለና፣

«መምህር፣ ብስክሌቷን ሸጧት እንዴ?» አለኝ።

«አልሸጥኳትም። እቤት ራሴ ማስተካከል ለምጄ ነው።»

«እንዴ! ይሄማ ጥሩ ነው» አለ። ሲናገር ፈገግ ብሏል፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ግን «ጥሩ» ብቻ አልነበረም። ሒሳብ ነበረበት። በወር ሁለት፣ ሦስት ጊዜ የምትመጣ ገንዘብ ቀርታለች። ለእኔ የአንድ ቀን የቡና ወጪ ናት። ለሱ የአንድ ቀን ምሳ ናት።

ይህን ነገር አቅልሎ ማለፍ ይቻላል። «ምን ታደርገዋለህ፣ ሌላ ደንበኛ ያገኛል» ማለት ይቻላል። ግን ይኼ «ሌላ ደንበኛ» የሚባለው ሰው ማነው? ከኔ ጎን ያለውም ሰው እንደኔ ራሱን ከቻለ፣ የሱም ጎረቤት ከቻለ፣ ዛፉ ሥር ማን ይመጣል? ራስን መቻል የሚሉት ነገር በሬዲዮም በስብሰባም ሲመሰገን እንሰማለን። በትንሽ ከተማ ግን የአንዱ ራስን መቻል የሌላው ደንበኛ ማጣት ነው። እንዲያውም የቆየው የመንደር ኑሯችን የቆመው ባለመቻል ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ማረሻ ስለማይሠራ ወደ ባለ እጁ ይሄዳል፣ ባለ እጁ ስለማያርስ እህል ይቀበላል። ሁሉም ሁሉን ቢችል ኖሮ ሰላምታ እንኳ የሚሰጣጥበት ሰበብ ባልነበረው።

ይህን ስል ሌላው የሐሳቡ ጫፍ ደግሞ ይጎትተኛል። ለሰው እንጀራ ተብሎ አለማወቅ ግዴታ ሊሆን ነው? እንዲህ ከሆነ ስለ ራፖር ጻፊዎቹስ ምን ልንል ነው? ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን በየፍርድ ቤቱና በየፖስታ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አቤቱታና ደብዳቤ በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታውጆ ገበሬው ከነልጁ ሀ ሁ ሲቆጥር፣ «ተዉ፣ የራፖር ጻፊው እንጀራ ይቀርበታል» ያለ ሰው አልሰማሁም። ቢልም የሚያደምጠው አይኖርም ነበር።

ደግሞ የሚገርመው ራፖር ጻፊዎቹ አልጠፉም። ዛሬም የፍርድ ቤት ደጃፍ ሂዱ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፊደል የቆጠረውም ሰው እየሄደ ያጽፋል። ምክንያቱም ፊደል ማወቅና አቤቱታ ማርቀቅ አንድ አይደለም። ታዲያ የፊደሉ ትርፍ ምን ሆነ? ትርፉ ይህ ይመስለኛል፤ ድሮ ገበሬው ምን እንደተጻፈለት ሳያውቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። አሁን በስሙ የተጻፈውን ያነበዋል። «ይህቺ ቃል የኔ አይደለችም፣ አውጣት» ይላል። ጥሩ የጻፈለትንም «እሰይ፣ የልቤን ጻፍክልኝ» ማለት ይችላል። የማያነብ ሰው ጸሐፊውን ሊያምነው ወይም ሊጠረጥረው ይችላል፤ ሊያመሰግነው ግን አይችልም፣ ምኑን አይቶ?

የካምቢዮው ነገር የተፈታልኝ በዚህ በኩል ነው። እኔ ካምቢዮ ሳላውቅ ለዚያ ልጅ የምከፍለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነበር? የሥራ ዋጋ ነው እንዳልል ሥራው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ብሎን ነካ አድርጎ መቶ ብር ሲለኝ ልቤ «ለዚህች?» ሊል ይችላል፤ ግማሽ ቀን ላቡን አንጠፍጥፎ መቶ ብር ሲለኝም ያው እከፍላለሁ። ሁለቱን አልለይም። በከተማ አንድ ጋራዥ ምንም ያልሆነ ካቴናዬን «አልቋል» ብሎ ቀይሮብኝ ያውቃል፤ እዚያም ከፍያለሁ፣ አመስግኜም ወጥቻለሁ። ለማያውቅ ሰው ሐቀኛውም አታላዩም አንድ ፊት ነው ያላቸው። ጉዳቱ በኪሴ ብቻ አይቆምም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሐቀኛው ጠጋኝ ነው፤ ሐቀኝነቱን የሚያይለት ሰው የለማ።

የባለ እጅ ነገር በእኛ አገር ደግሞ የቆየ ቁስል አለበት። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋን የማትቀረብ፣ ሸማኔውን መሳለቂያ ስናደርግ የኖርን ነን፤ ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን፣ በሸማው አጊጠን፣ በድስቷ በልተን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ አፍ ይዘጋል። ማረሻው እሳት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ብረቱ መቼ እንደሚበቃው፣ አንድ ምት ቢበዛ ምን እንደሚሆን ግን ዐዋጅ አያስተምርም። ይህን የማያውቅ ሰው ስድቡን ቢተው እንኳ ንቀቱ ከሆዱ አይወጣም፤ የሚያከብርበት ምክንያት ከየት ያመጣል?

እኛ ካለንበት ቆላ ብዙ ሳይርቅ ከቋራ የወጡት ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ነገር ለየት ይሉብኛል። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ማሠራታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ትልቁ ሴባስቶፖል ከዚያ ነው የወጣው። ያን ብረት ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲጠረግ ግን ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በቅርብ ያዩዋቸው የውጭ ሰዎች መስክረዋል። ስለ ቴዎድሮስ ጭካኔ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አልክድም። ባለ እጆቹንም ቢሆን በፍቅር ብቻ አልያዟቸውም። ሆኖም ድንጋይን በእጃቸው ያነሡ ንጉሥ፣ ድንጋይ ስንት እንደሚከብድ ያውቁ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን የሚያውቅ ሹም ብዙ አላየንም።

እዚህ ላይ ግን «ጥቂት ማወቅ» የሚሉት ነገር ያለበትን አደጋ ሳልናገር ብቀር ዛፉ ሥር ያሉ ሁሉ ይታዘቡኛል። አንድ ገጽ አንብቦ ለሐኪም የሐኪም ምክር የሚሰጥ በሽተኛ አይታችኋል? ለጠጋኝም እንዲሁ አለ። ካቻቢቴ ይዞ የማያውቅ፣ ግን «እሱን አይደለም፣ ያኛውን አጥብቀው» እያለ ከአናት በላይ የሚቆም ደንበኛ። እንዲህ ያለውን ሰው ካላዋቂው ደንበኛ ይልቅ ጠጋኝ ይጠላዋል፤ እውነቱን ነው። ካምቢዮ ተማርኩ ማለት የብሎኖቹን ስም አወቅሁ ማለት ብቻ ከሆነ ባልተማርኩት ይሻላል። አራት ምሽት ተንበርክኬ፣ ሩብ ዙር ስጨምር ስቀንስ፣ ጀርባዬ ሲንቃቃ ያገኘሁት ትርፍ ሌላ ነው። ልጁ በሦስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ነገር እኔ በሩብ ሰዓት እንደምጨርስ አወቅሁ። በዚያች ልዩነት ውስጥ ስንት ዓመት እንዳለ መገመት ቻልኩ።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ፍልስፍና ማውራት ጊዜ መስረቅ ነው። ዝም ብዬ «እንጀራህን ወሰድኩብህ እንዴ?» ብቻ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ያወራኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

መጀመሪያ ወደዚህ ሲወርድ ከአምስት የአገሩ ልጆች ጋር ሰሊጥ ሊያርሙ በኮንትራት ያዙ። ክፍያው በሄክታር ነው። ባለ እርሻው «አራት ሄክታር ነው» አላቸው። እነሱ ሄክታር የሚለውን ቃል እንጂ ሄክታርን አያውቁም። ደጋ ላይ መሬት የሚቆጠረው በጥማድ ነው። አርመው ጨረሱ፣ የአራት ሄክታር ተቀበሉ፣ መርቀው ሄዱ። በዓመቱ ሌላ እርሻ ላይ አንድ ሸምገል ያለ የቀን ሠራተኛ፣ አንድ ሄክታር ማለት መቶ ሜትር በመቶ ሜትር እንደሆነና አንድ ሜትር በሱ እርምጃ ስንት እንደሚሆን አሳየው። ልጁ ሥራ በሌለበት ቀን ተነሥቶ ወደዚያ ወደ አምናው እርሻ ሄደ። በአንዱ ጎን ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል፣ በሌላው ሁለት መቶ።

«አምስት ነበረ፣ መምህር» አለኝ። «አንዱን ሄክታር በነፃ ነው ያረምነው። መርቀነው እኮ ነው የሄድነው!»

«ሄደህ ጠየቅኸው?»

«ምን ብዬ? አልፏል። ከዚያ ወዲህ ግን ስዋዋል መጀመሪያ ዙሪያውን እሄዳለሁ። አንዳንዱ ባለ እርሻ ይቆጣል፤ ‘አታምነኝም ወይ?’ ይላል። የሚያምነው ግን ዝም ብሎ ያየኛል። እንዲያውም አብሮኝ የሚዞር አለ። እንዲህ ካለው ጋር ሥራ ደስ ይላል። ስለዚህ እርስዎ ቢማሩት እኔ ምን ከፋኝ? የሚያውቅ ሰው አይከራከርም፤ ‘ይሄን ያህል ነው’ ስለው ገብቶት ይከፍላል። ብር መቅረቱስ ይቀራል» አለና ደግሞ ሳቀ።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ብሩ ቀርቷል። እኔ ያገኘሁት ማስተዋል የሱን ምሳ አይተካም። ማስተዋል ዋጋ የሚኖረው ወደ ክፍያ ሲመለስ ነው፤ አለበለዚያ የተማረ ሰው መዝናኛ ሆኖ ይቀራል። የሚመለስበት አጋጣሚ ደግሞ ብዙ አልቆየም።

ካምቢዮዋ የተንጠለጠለችባት ትንሽ ብረት አለች። እሷ ከተጣመመች የትኛውም ብሎን፣ የትኛውም ሩብ ዙር አይረዳም። አንዱን ማርሽ ስታስተካክሉ ሌላው ይዛባል። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ ከተማው በሠራተኛ በተጨናነቀበት ጊዜ፣ ደጃፌ ላይ ያቆምኳትን ብስክሌት አንድ ጋሪ በቀኝ ጎኗ ጣላት። ማምሻውን ሰቅዬ ሳያት ነገሩ ገባኝ፤ ከኋላ ሲታይ ሁለቱ መዘውሮች ከማርሾቹ ጋር አልተሰለፉም፣ ወደ ውስጥ አዘንብለዋል። ይህ የኔ ሥራ አልነበረም። በነጋታው ወደ ዛፉ ወሰድኳት፤ «ማርሽ አስቸገረኝ» አላልኩም፣ «ማንጠልጠያዋ ተጣማለች» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ተመለከተና «ልክ ነዎት» አለ።

ያደረገው ነገር ይህ ነው። ካምቢዮዋን ፈታ። ከጥራጊ ብረቱ መካከል አንድ አሮጌ የኋላ ጎማ አወጣ። የጎማውን መሐል ብረት ጫፍ፣ ካምቢዮዋ በወጣችበት ቀዳዳ ውስጥ እንደ ብሎን አዙሮ አስገባው፤ ጥርሱ ለካ አንድ ልክ ነው! አሁን የብስክሌቷ ጎማና አሮጌው ጎማ ጎን ለጎን ቆሙ። ማንጠልጠያዋ ቀጥ ብትል ኖሮ ሁለቱ ጎማዎች እንደ መጽሐፍ ገጾች ትይዩ ይሆኑ ነበር፤ አልሆኑም፣ ከታች ይጠባሉ፣ ከላይ ይሰፋሉ። አሮጌውን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ሳበ። አየ። እንደገና ሳበ። ከላይ፣ ከታች፣ ከፊት፣ ከኋላ በጣቱ ርቀቱን ለካ። ብረቷ ስስ ናት፤ ብዙ ከተሳበች ትሰበራለች፣ እዚህ ደግሞ ምትክ አይገኝም። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«ይህን ማን አሳየህ?» አልኩት።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ በመተማ በኩል ከገቡት ሰዎች አንዱ ነው፤ ካርቱም ውስጥ ብስክሌት ጠጋኝ የነበረ ሰው። ጥቂት ቀን እዚህ ዛፍ ሥር አብሮት ተቀምጦ ነበር። አንዱ የሌላውን ቋንቋ እምብዛም አያውቅም፤ ሰውየው ብስክሌቱን «ዐጀላ» እያለ፣ ልጁ «ብስክሌት» እያለ፣ በእጅ ብቻ ተግባቡ። ከዚያ ሰውየው ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ልጁ አያውቅም።

«ስንት ነው ሒሳቤ?»

«ሃምሳ ይበቃል።»

ሁለት መቶ ሰጠሁት። አንድ መቶ ሃምሳውን መለሰልኝ። «አሥር ደቂቃ ነው እኮ፣ መምህር። ደግሞ እኔም በነፃ ነው ያገኘሁት።» በነፃ ያገኘኸውን ነገር ማንም ሌላ ሰው እዚህ ከተማ አያውቀውም አልኩት። ብትሰበርብህ ኖሮስ ማን ይከፍል ነበር አልኩት። «እኔ» አለ፤ ግን ገንዘቡን አልተቀበለም። ብሩን በመካከላችን እንደያዝን አንድ ባጃጅ በገመድ እየተጎተተ መጣ፣ ሾፌሩ ከሩቅ እየጮኸ፤ ልጁም ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ወደዚያው ዞረ።